የእትዬ ዚፕ የኪስ ሳህን

እህቴን ሰፈሩ የሚያውቃት እትዬ ዚፕ ብሎ ነው። ወላጆቻችን ያወጡላት ሌላ ስም አለ፤ በሱ የሚጠራት ግን የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ብቻ ነው። ልብስ ትጠግናለች፤ በተለይ ዚፕ። የሻንጣ ዚፕ፣ የድንኳን ዚፕ፣ የቦርሳ ዚፕ፣ ሁሉም ወደ እሷ ይመጣል። የሱሪ ዚፕ የተበላሸበት ሰው ደግሞ በጓሮ በር ይመጣል፤ እሷም ምንም አትጠይቀውም።

እኔ ቁልፍ ቀራጭ ነኝ፤ ሱቄ ከሷ ሱቅ ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። በመሀላችን ያለው ግድግዳ ቀጭን ጣውላ ስለሆነ እሷ ስታስነጥስ የኔ ደንበኛ «ይማርሽ» ይላል። ማታ ማታ የምበላውም እሷ ቤት ነው። ምነው ብትሉ፣ እኔ የሠራሁትን ምግብ አንድ ቀን ቀምሼዋለሁ።

ልጆቿን እንዴት እንደምታሳድግ ብዙ ሰው ይጠይቃታል። እሷ መልስ የላትም። ስለ ልጅ አስተዳደግ አንድ መጽሐፍ አላነበበችም። እኔም አላነበብኩም፤ ግን እኔ ልጅ ስለሌለኝ ምክር እሰጣለሁ።

ሁለት ሴት ልጆች አሏት። ትልቋ አስራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዳኛዋ እንላታለን። ዳቦ ሲቆረስ የማን ቁራሽ እንደበለጠ እሷ ካልፈረደች አይበላም። ትንሿ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ለምን ትባላለች። ይሄን ስም እናቷ አይደለችም ያወጣችላት፣ የገዛ አፏ ነው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጋሼ ፍሬን እንለዋለን። በቀን አንድ ቃል ይናገራል፤ ያቺ ቃል ግን መቆም ያለባት ቦታ ላይ ነው የምትቆመው።

የቤቱ ትልቅ ዕቃ የምግብ ጠረጴዛው ነው። የለበሰው ሙሸማ የዓለም ካርታ የታተመበት ነው። እህቴ ለካርታው ብላ አልገዛችውም፤ አበባ ያለበት አልቆ ነው። ካነጠፈችው በኋላ ግን አገር ላይ መብላት ጀመርን። ለምን ከሰሜን በረዶ አጠገብ ትቀመጣለች። ጋሼ ፍሬን በረሃ ላይ ነው። እኔን ውቅያኖስ ላይ አስቀመጡኝ፤ ሾርባ ስለማፈስ።

አንድ ቀን ለምን ሻይ ደፋች። ሻዩ ሦስት አገር አጥለቀለቀ። ሁላችንም ሳቅን። እህቴ አልሳቀችም፤ ጨርቅ ወረወረችላትና «ጥረጊው፣ እዚያ ሰው አለ» አለቻት። እንደ ዘበት ነው ያለችው፤ ከዚያ ወዲህ ግን በዚያ ቤት ሕግ ሆኖ ቀረ። ፍርፋሪ እንኳ ቢወድቅ፣ የጣለው ሰው የአገሩን ስም አንብቦ ይቅርታ ይላል። እኔ የብዙ አገር ስም ያወቅሁት ትምህርት ቤት አይደለም፤ ሾርባ ነው ያስተማረኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ከባድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። የጋለ ድስት አስቀምጬ ካርታው ላይ የብርጭቆ አፍ የሚያህል ቀዳዳ አቃጠልኩ። አንድ አገር ሙሉውን ሄደ። ስሙም አብሮ ስለተቃጠለ ማንን ይቅርታ እንደምል ሳላውቅ ቀረሁ።

ሌላም ነገር አላቸው፤ የኪስ ሳህን የሚባል። እሱን ለመረዳት የሱቋን ሁለት ምስማሮች ማወቅ ያስፈልጋል። በቀኙ ምስማር የሰፈር ደንበኛ ልብስ ይሰቀላል፤ ቁራጭ ካርቶን ይታሰርበትና የካርቶኑን ግማሽ ደንበኛው ይዞ ይሄዳል። በግራው ምስማር ባለቦንዳው የሚያመጣው ይሰቀላል። ባለቦንዳው ከየዓለሙ ታስሮ የሚመጣ ልባሽ ልብስ ገበያ ላይ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ቦንዳው ሲፈታ ዚፑ የሞተውን ለእህቴ ያመጣል፣ እሷ ነፍስ ትዘራበታለች፣ እሱ ከሰዓት መጥቶ ይወስዳል። የደንበኛ ኪስ አይነካም። ሃያ ዓመት ስትሠራ የደንበኛ ኪስ ውስጥ ጣቷን አስገብታ አታውቅም። የቦንዳ ልብስ ኪስ ግን ይራገፋል፤ የተገኘው ነገር በእራት ሰዓት ጠረጴዛው መሀል ሳህን ላይ ይቀመጥና የምን ዓይነት ሰው እንደነበረ እንገምታለን። ሕጉ አንድ ነው፤ በሰውዬው ከመሳቅህ በፊት ምን እንደቸገረው ትናገራለህ።

አንድ ጊዜ ማናችንም በማናውቀው ፊደል የተጻፈ ሁለት የባቡር ትኬት ወጣ። አንዱ ተበስቷል፣ አንዱ አልተበሳም። ዳኛዋ ሰውዬው አጭበርባሪ ነው ብላ ልትፈርድ ስትል ጋሼ ፍሬን ማንኪያውን አስቀመጠና «ቀረች» አለ። የዚያን ዕለት ለሰውዬው ስናዝን ሾርባው ቀዘቀዘ።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው አርብ ቀን ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አጋኖ ሳይነግራችሁ ራሴ ልንገራችሁ።

እህቴ ክር ልትገዛ ስትወጣ ሱቁን አደራ አለችኝ። አንዲት ሴትዮ መጣች። ከሁለት መንገድ ወዲያ፣ ከመስታወት ቆራጩ ሱቅ በላይ ያለችውን ክፍል የተከራየች እንግዳ ናት፤ አገሯ ጦርነት ስለሆነ ልጇን ይዛ ወጥታ ነው። ቋንቋችንን አታውቅም። ሰማያዊ የልጅ ካፖርት አስቀመጠች፣ የተሰበረውን ዚፕ አሳየችኝ፣ ከዚያ ሁለት እጇን ጉንጯ ስር አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ቀጥላም ፀሐይ ወደ ምዕራብ የምታዘነብልበትን በጣቷ ጠቆመችኝ። አንድ ሌሊት አድሮ ነገ ከሰዓት እወስደዋለሁ ማለቷ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ገብቶኛል። የካርቶኑን ግማሽ ስሰጣት ግን በመዳፏ ወደ እኔ መለሰችው፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችና ሄደች። ለካ አምናችኋለሁ ማለቷ ነው። ይሄ የገባኝ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያሰብኩት፣ ካርቶን የሌለው ልብስ የት ይሰቀላል የሚለውን ብቻ ነው። ካርቶን የሌለው ግራ ነው፤ ግራ ሰቀልኩት። ወዲያው አንድ ሰውዬ ቁልፉን መኪናው ውስጥ ቆልፎበት እየሮጠ መጣና ይዞኝ ሄደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ አፈሰስኩ፤ የለቀመው ሌላ ሰው ነው።

እህቴ ተመልሳ ካፖርቱን ግራው ምስማር ላይ አገኘችው። ዚፑን ጠገነችው፣ ኪሱን አራገፈችው። ባለቦንዳው መጣ፣ ከሌሎቹ ጋር ማዳበሪያ ውስጥ ከተተና ወሰደው።

ለእራት ስንቀርብ ሳህኑ ላይ ትልቅ የብረት ቁልፍ ነበር፤ በቀዳዳው ቀይ ክር የታሰረበት። ቁልፍ ሲመጣ ሳህኑ ወደኔ ነው የሚገፋው። አነሳሁትና አገላበጥኩት። የእንጨት በር ነው፣ የውጭ በር፣ አሮጌ። ብዙ እጅ ዳብሶታል። አገራችን ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቁልፍ ቀርጬ አላውቅም።

«ዘይት ተቀብቷል» አልኳቸው። «ያውም በቅርቡ።»

ለምን አገጯን በረዶው ላይ አስደግፋ አሰበች። «በሩ ሩቅ ከሆነ ለምን ቁልፉን ዘይት ይቀቡታል?»

«ሊመለሱ ነዋ» አለች ዳኛዋ። አለችና ራሷ የፈረደችው ራሷን አስደነገጣት። «ሊመለስ ያሰበ ሰው ቁልፉን ከነካፖርቱ አይሸጥም። እማዬ፣ ይሄ የቦንዳ አይደለም።»

እህቴም ስትሠራው ገርሟት እንደነበር ተናገረች። ገበሩ ላይ በእጅ የተጠለፉ ትንንሽ ወፎች ነበሩ። ቅምቅማቱ ሁለቴ ተለቅቋል፣ በተለያየ ቀለም ክር፤ የምትለብሰው ልጅ ባደገች ቁጥር አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስረዝሞላታል። እንዲህ የተደከመበት ልብስ እንዴት ቦንዳ ውስጥ ገባ ብላ ነበር።

የኔ ማንኪያ በአፌና በሳህኑ መሀል ቆመ። ለምን ማንኪያውን አየችው።

«አጎቴ፣ ለምን አትበላም?»

ተናዘዝኩ። ሴትዮዋን፣ ካርቶኑን፣ ደረቷ ላይ ያደረገችውን እጅ፣ ሁሉንም።

«የት ሰቀልከው?» አለች እህቴ።

«ግራ።»

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቁልፉን አንስታ በንጹሕ መሀረብ ጠቀለለችው። ሴትዮዋ ነገ ከሰዓት ትመጣለች። ሌላ ካፖርት ሰፍቶ መስጠት ይቻላል፤ ወፎቹን ግን ማን ይሰጣታል? ጥለውት ከመጡት ቤት ይዘው የወጡት ምናልባት ቁልፉንና ያንን ካፖርት ብቻ ነው። ከነገ ከሰዓት በፊት ካልተገኘ፣ እህቴ ያቺን ሴትዮ ቀና ብላ ማየት አትችልም። እኔ ደግሞ እህቴን።

ቅዳሜ ጠዋት ተያይዘን ወጣን፤ እህቴ፣ ሁለቱ ልጆችና እኔ። ብርዱ ይቆነጥጣል። የሄድነው በጋሼ ፍሬን አውቶቡስ ነው። ገበያው ጋ ስንወርድ በመስኮት አየንና የዕለቷን ቃል ሰጠን፤ «ታገኙታላችሁ።»

ባለቦንዳው ነገሩን ሲሰማ ራሱን አከከ። ካፖርቱ ገና ጠዋት ማዳበሪያው ሲፈታ ተሸጧል፤ የገዛው በታችኛው በር በኩል የሚቀመጠው ችግኝ ሻጭ ነው፣ ለልጁ። እየሮጥን ወረድን። ከሩቅ እህቴ ቆም አለችና ጆሮዋን ጣል አደረገች። «ዚፔ ነው» አለች። «ድምፁን አውቀዋለሁ።»

እውነትም በችግኝ ጣሳዎች መሀል ለምንን የምታህል ልጅ ሰማያዊውን ካፖርት ለብሳ ዚፑን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ታደርጋለች። ፊቷ ላይ ያለው ደስታ ለአራት ሰው ይበቃል።

እህቴ ለአባትየው አንድ በአንድ ነገረችው። ሰውዬው ሰው ነው፤ ሰምቶ ሲጨርስ ዓይኑን ወደ ችግኞቹ መለሰ።

«እህቴ፣ እውነትሽን ነው» አላት። «ግን ይቺ ልጅ ከንጋት ጀምሮ ከኔ ጋር እዚህ ናት። ካፖርት ስትለብስ የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው። እኔ ከላይዋ ላይ አልገፍም። ራሷ ከሰጠችሽ ውሰጂ።»

ለምን ተንበርክካ ለልጅቷ አስረዳቻት። ስለ ወፎቹ፣ ስለ ቁልፉ፣ ከሩቅ ስለመጣችው ልጅ። ልጅቷ ገበሩን ገልጣ ወፎቹን አየች፤ እንደነበሩ እንኳ አላወቀችም።

«እሷ ይበርዳታል?» አለች።

«አዎ፣ ይበርዳታል።»

«እኔንም ይበርደኛል።»

እህቴ ልጆቿን ሰው ምን እንደቸገረው ተናገሩ ስትል የኖረች ሴት ናት፤ አሁን የቸገራት ልጅ ፊቷ ቆማ ራሷ ተናገረች። አንዷን አልብሶ ሌላዋን ማራቆት ሊሆን ነው። እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ አቀረብኩ። ልጅቷ ባርኔጣውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ለኔ አዘነች መሰለኝ።

ዳኛዋ ያን ቀን የለበሰችው ቢጫ ካፖርት ነው። እናቷ ከሥራ መልስ አንድ ወር ሙሉ የሰፋችላት፣ ስድስት ትልልቅ አዝራር ያለው፣ ገና ሁለት ሳምንቱ። ለምን እንኳ እጇን ሳትታጠብ እንድትነካው አልተፈቀደላትም። ማንም ምንም አላላትም። ከላይ ጀምራ መፍታት ጀመረች። ሦስተኛው አዝራር ላይ ቆመች። ሁላችንም ችግኝ ማየት ጀመርን፤ እኔ አንዱን ጣሳ አንስቼ ከሥሩ መረመርኩት። ከዚያ አራተኛውን ስትፈታ ሰማሁ።

«ይሄ ይሞቃል» ብላ ዘረጋችላት። ድምፅዋ ትንሽ ቀጭኗል።

ልጅቷ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። «ዚፕ አለው?»

«የለውም። አዝራር ነው።»

«እንግዲያው አልፈልግም።»

ጥፋቱ የእህቴ ነው። ያንን ዚፕ እንደዚያ አሳምራ ባትጠግነው ኖሮ ልጅቷ የዚፕ ፍቅር አይይዛትም ነበር። እህቴም ይሄ ገባት መሰለኝ፣ ባዶ ሳጥን ገለበጠችና ቁጭ አለች። መርፌ፣ ክር፣ ምላጭና ዚፕ ከቦርሳዋ አይጠፋም። ምላጩን ይዛ ዳኛዋን ቀና ብላ አየቻት።

«ልቁረጠው?»

«ቁረጪው።»

አንድ ወር የሰፋችውን ራሷ መተርተር ጀመረች። ዳኛዋ መዳፏን ዘርግታ አዝራሮቹን አንድ በአንድ ተቀበለች። ሥራው አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። በመሀል ሁለት ሰዎች እህቴን የገበያ ጠጋኝ መስላቸው ተራ ያዙ፤ አንደኛው ሱሪው ፊት ለፊት ጋዜጣ ይዞ ነበር። እዚያ ጓሮ ስለሌለ ቀስ ብሎ ወደ ኋላዋ ዞረ።

ዚፑ ሲያልቅ ልጅቷ ሞከረችው። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ከዚያ ሰማያዊውን ራሷ አጥፋ ሰጠችን።

ዳኛዋ ግን ገና ጉዳይ አላት። «በየእሁዱ መጥቼ ላየው እችላለሁ?»

ልጅቷ አሰበችበት። «ትችያለሽ። ግን አትለብሺውም።»

«መዳሰስስ?»

«መዳሰስ ይቻላል።»

ከሰዓት ሴትዮዋ ከነልጇ ስትመጣ ካፖርቱ ቀኙ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ነው። ሴትዮዋ መጀመሪያ ኪሱን ነው የዳበሰችው። አገኘችውና ትንፋሿ ወጣ። እኔ በዚሁ ይብቃ አልኩ፤ ካፖርቱ አለ፣ ቁልፉ አለ፣ ምን ያስወራል? እህቴ አልተስማማችም። የሰው ኪስ ነክቻለሁ፣ ልነግራት ይገባል አለች። ቋንቋ ስለሌለ ድራማ ሠራን። ለምን ብርድ የመታት ልጅ ሆነች፣ እህቴ ራሷን ሆነች፣ እኔ ካፖርቱን እንድሆን ተፈርዶብኝ ማዳበሪያ ውስጥ ገባሁ። ሴትዮዋ በጣም በቁም ነገር ተመለከተችን። ምን እንደገባት አላውቅም፤ እኔን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበሽታ የተነሳ ሰው እንደሚጠየቅ ነው የምትጠይቀኝ።

አንድ ነገር ግን ያለ ድራማ ገባት። ዳኛዋ የአባቷን የሹፌር ጃኬት ለብሳ ጥግ ላይ ቆማለች፤ ጉልበቷ ድረስ ይደርሳል፣ እጅጌው አራቴ ተጠቅልሏል፣ በመዳፏ ስድስት አዝራር አለ። ሴትዮዋ አዝራሮቹን አየች። ቁጭ አለችና ዳኛዋን በስንዝር ለካቻት፤ ከትከሻ እስከ አንጓ፣ ከማጅራት እስከ ጉልበት። እህቴ አለካኳን አይታ ክንዴን ጎሸም አደረገችኝ። «ሰፊ ናት» አለች። አሁን በሱቁ ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና ነው ያለው፤ እኔ በግድግዳው በኩል የሚያስነጥሰውን ሰው መለየት አቅቶኛል። የዳኛዋ አዲሱ ካፖርት ከስድስት ዓይነት ቁርጥራጭ የተሠራ ነው። ስድስቱም አዝራር አለበት፤ በገበሩም አንድ ወፍ።

ካፖርቱን የወሰዱ ዕለት ማታ ለእራት ጠራናቸው። የሴትዮዋ ልጅ ሙሸማውን ስታይ ወንበር ላይ ወጥታ አገሯን በጣቷ መፈለግ ጀመረች። በጋሼ ፍሬን በረሃ አለፈች፣ ተራራ ተሻገረች፣ ከዚያ ጣቷ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። እኔ ያቃጠልኩት ቀዳዳ።

«አጎቴ ነው» አለች ለምን፣ ሳትጠየቅ።

እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ፤ የማውቀው የነሱ ቋንቋ እሱ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ቀዳዳውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከኪሷ መርፌ አውጥታ እዚያው፣ ሾርባው ሳይነሳ፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ጣፈችው። የብርጭቆ አፍ የሚያህል አገር።

ባለፈው እሁድ ዳኛዋ ቢጫውን ካፖርት ጠይቃ ስትመለስ ግማሽ ብስኩት ይዛ መጣች። የችግኝ ሻጩ ልጅ ኪሱ ውስጥ እጅሽን አስገቢ ብላት ነው ያገኘችው። ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። ያን ቀን እንግዶቹም አብረውን ነበሩ። እህቴ እንደ ሕጉ ጠየቀች፤ ምን ቸግሯት ይሆን ግማሹን ያስቀረችው?

«ምንም አልቸገራትም» አለች ዳኛዋ። «እኔ እንዲርበኝ አልፈለገችም።»

ራሷ ለሰባት ቆረሰችው። የኔ ድርሻ ከጣቴ አመለጠና አረንጓዴው ጥፍ ላይ ተፈረፈረ። በጣም ትንሽ ስለነበር ማንም አላየም ብዬ ዝም አልኩ።

የሴትዮዋ ልጅ ክንዴን ነካ አደረገችኝ። እስከዚያ ቀን በቋንቋችን አንድ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

«እዚያ ሰው አለ» አለችኝ።

ጠረግሁ።